የቤንዚን ትዕግሥት

ጡረታ በወጣሁበት ቀን የሥራ ባልደረቦቼ ኬክ አመጡልኝ። ኬኩ ላይ የተሰካው ሻማ አልነበረም፤ ታጥበው የተወለወሉ አራት አሮጌ የሞተር ካንዴላዎች ነበሩ። በጣልያንኛ ሻማውም ካንዴላ ነው፣ ሞተር ውስጥ እሳት የሚጭረውም ካንዴላ ነው። «እፍ በይ!» አሉኝ። እፍ አልኩ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ትንሽ አለቀስኩ።

ኬኩ ሳይቆረስ አንድ ደንበኛ በር ላይ መጥቶ ቆመ። የሚያብለጨልጭ የስፖርት መኪና ገዝቷል። «ሲኞራ የሺ፣ ሳትሄጂ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውዱን ቤንዚን ብሞላላት ይበልጥ ትበራለች?»

ባልደረቦቼ በሳቅ ፈነዱ። ዕድሜ ልኬን ስጠየቅ የኖርኩት ይህንኑ ነው። ከሐኪም፣ ከጠበቃ፣ ከዳቦ ጋጋሪ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከቄስ። መልሱ ከሁለት ዐረፍተ ነገር አያልፍም። እኔ ግን ያንን ለማወቅ የሰው ሞተር ማቃጠል ነበረብኝ። አሁን ጊዜ ስላለኝ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ሮም የገባሁት አብዮቱ በፈነዳ በሁለተኛው ዓመት፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መካኒክ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ እጁ ሲያንስ መፍቻ አቀብለዋለሁ። በኋላ ከቤት ወጥቶ በሰላም መግባት ዕድል የሆነበት ጊዜ መጣ። ሮም የምትኖር የአክስቴ ልጅ የቤት ሠራተኛነት ሥራ አገኘችልኝ። አባቴ ጥርሱን ነክሶ «ሂጂ» አለኝ።

የተቀጠርኩት ሲኞራ ክላራ የሚባሉ መበለት ቤት ነው። ደግ ሴት ነበሩ፤ እኔ ግን ጣልያንኛ አልገባ አለኝ። ማንኪያ ሲሉኝ ቢላ አቀርባለሁ። ትራስ ሲሉኝ ፎጣ ይዤ እሮጣለሁ። ሲኞራ ክላራ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ማዶናን፣ ማለትም እመቤታችንን፣ ይጠራሉ። ሦስት ወር ሙሉ ደንቆሮ ነኝ ብዬ አመንኩ።

አንድ ቀን የሲኞራ ክላራ ትንሽ መኪና ዳገት ላይ እየተንገጫገጨች አስቸገረች። ያኔ በየማደያው ሁለት ዓይነት ቤንዚን ነበር፤ ርካሹ ኖርማሌ፣ ውዱ ሱፐር። የሕንፃው ዘበኛ «ሱፐር ከሞሉላት ትበራለች» ብሎ ስለመከራቸው፣ ሲኞራ ከዓመት በላይ ሱፐር ሲያጠጧት ኖረዋል። ዕቃ እንድሸከምላቸው እኔን አስከትለው፣ ቶር ፒኛታራ ወደሚገኝ አንድ ጠባብ ኦፊቺና፣ የመኪና መጠገኛ፣ ይዘዋት ሄዱ።

የኦፊቺናው ባለቤት ማስትሮ ኦርላንዶ ይባላሉ። ስድሳ ሊሞላቸው የቀረበ፣ ረጅም፣ ከሲታ ሰው። ሲኞራ ክላራ እሮሯቸውን አሰሙ።

«ሱፐር እየሞላሁላት ለምንድን ነው የማትበረው?»

«ሲኞራ፣» አሉ ማስትሮ፣ «ለአህያ የፈረስ ገብስ ቢያበሏት ፈረስ ትሆናለች?»

ሞተሩን አስነሱት። እኔ ከኋላ ዘንቢል ይዤ ቆሜያለሁ። ድምፁን ስሰማ አባቴ ጋራዥ ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። ከአራቱ ምት አንዱ ይጎድላል። ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

«ካንዴላ!»

ማስትሮ ዞር አሉ። «ማነው ካንዴላ ያለው?»

ሲኞራ ክላራ ደንግጠው አዩኝ። እኔ በጣቴ ወደ ሞተሩ እያመለከትኩ «ካንዴላ! ካንዴላ ካቲቫ!» አልኩ። መጥፎ ካንዴላ ማለቴ ነው። ማስትሮ የካንዴላ መፍቻውን ሰጡኝ። ዘንቢሉን አስቀመጥኩና ሦስተኛውን ፈታሁ። ጥላሸት ለብሶ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

ለካ የአዲስ አበባ ጋራዥ ቋንቋ ራሱ ጣልያንኛ ኖሯል! ካንዴላ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ፣ ቡሎን። አባቴ እንደ አማርኛ ነበር ያስተማረኝ፤ እኔም አማርኛ ይመስሉኝ ነበር። ማስትሮ አንዱን ዕቃ እያነሱ ያሳዩኛል፣ እኔ ስሙን እጠራለሁ። ሲኞራ ክላራ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ማንኪያ የማታውቅ ልጅ!» አሉ።

ማስትሮ ካንዴላውን ቀይረው «ከዛሬ ጀምሮ ኖርማሌ ይሙሉላት። ይቺ መኪና ሌላ አትፈልግም» አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ሐሙስ ከሰዓት ዕረፍትሽ አይደል? ነይ» አሉኝ። የቤት ሠራተኛ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ እንደምታርፍ ሮም ውስጥ የማያውቅ የለም።

ሄድኩ። በሚቀጥለውም ሐሙስ ሄድኩ።

በዕረፍቴ ቀን የማድረው እዚያው ቶር ፒኛታራ፣ እትዬ ለተብርሃን ጋ ነበር። እትዬ ለተብርሃን አሥመራ ተወልደው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ሮም ከሁላችንም ቀድመው የገቡ ትልቅ ሰው ናቸው። ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት፤ የምናድርባት ግን ስድስት ነበርን። እጄን በሳሙና ስፈትግ ሲያዩኝ ወገባቸውን ይይዛሉ።

«አንቺ ልጅ፣ ጓደኞችሽ ሐሙስ ሐሙስ ሽቶ ተቀብተው ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይወጣሉ። አንቺ ቤንዚን ሸትተሽ ትገቢያለሽ። ማን ያገባሻል?»

«መኪና ያለው ሰው፣ እትዬ።»

«አሎራ፣ እንግዲያው የተበላሸ መኪና ያለው በይኛ!» ይሉና ራሳቸው ቀድመው ይስቃሉ።

ማስትሮ ኦርላንዶ ጋ ብዙ ነገር የተማርኩት እሳቸው በነገሩኝ ሳይሆን ሲያደርጉ በማየት ነው። ሌላው መካኒክ እጁን የሚታጠበው ሥራ ሲጨርስ ነው፤ እሳቸው ግን ሲጀምሩም ይታጠባሉ። «የቆሸሸ እጅ አይሰማም» ይላሉ። ካንዴላዎቹን ፈትተው ነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ያሰልፏቸዋል፣ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ያነባሉ። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል። ከነጣ ግን ውስጡ ከልክ በላይ እየጋለ ነውና «ይሄ ሰውዬ ሳይሞት ደርሰንለታል» ይላሉ። የመጥረጊያ እንጨት አላቸው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። ከዚያ እንጨቱን ለእኔ ይሰጡኛል። «ምን ሰማሽ?» ሳልመልስ መፍቻ አያስነኩኝም።

አንድ ሕግ ግን በአፋቸው ነግረውኛል። ሞተር ላይ የተለወጠ ነገር ሁሉ ካርቶን ላይ ተጽፎ መሪው ላይ ይታሰራል። «የነካሽውን ጻፊ። አንቺ ብትረሺ ካርቶኑ አይረሳም።»

ስለ ቤንዚን ያስተማሩኝም በአንድ ሐሙስ ነው። ሁለት ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። አንዱ ኖርማሌ፣ አንዱ ሱፐር።

«የትኛው ጉልበት አለው?»

«ሱፐር።»

«አይደለም። ጉልበታቸው እኩል ነው ማለት ይቻላል።» ጡጫቸውን ሌላው መዳፋቸው ላይ አደረጉ። «ፒስተን ቤንዚኑንና አየሩን እየጨመቀ ወደ ላይ ይወጣል። ሲጨመቅ ይግላል። ካንዴላው እሳት እስኪጭር ድረስ ቤንዚኑ መታገሥ አለበት። ትዕግሥት ያጣ ቤንዚን ያለጊዜው ራሱ ይፈነዳና ፒስተኑን በመዶሻ እንደመቱት ይመታዋል። ኦክቴን የሚሉት ነገር የቤንዚን ትዕግሥት ነው እንጂ ጉልበቱ አይደለም። አጥብቆ የሚጨምቅ የስፖርት ሞተር ታጋሽ ቤንዚን ይፈልጋል። የሲኞራ ክላራ መኪና ግን ማንን ልታስቆጣ? ቀስ ብላ ነው የምትጨምቀው።»

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ሲኞራ ክላራ ልጃቸው ጋ ሲዛወሩ እኔ በየቤቱ በሰዓት የጽዳት ሥራ ያዝኩና ከሰዓት ከሰዓቱን ሁሉ ኦፊቺና ዋልኩ። ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ግን የተጻፈው የቤት ሠራተኛ ነበር። ማስትሮ «ደንበኛ ሲበዛ በሕግ አስመዘግብሻለሁ» ይሉኝ ነበር። እጄ ተፍታትቷል። መንጃ ፈቃድም አወጣሁ። የሰፈሩ ሰው ሰላምታ ሲሰጠኝ «ሜካኒካ» ይለኛል። ልቤም አብጦ ነበር።

ነሐሴ ላይ ሮም ባዶ ስትሆን ማስትሮ እህታቸውን ሊጠይቁ አብሩዞ ሄዱ። ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። «ዘይት ቀይሪ፣ ፍሬን አስተካክዪ። ከዚያ ያለፈ ካለ ይጠብቀኝ» ብለውኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሬሞ መጣ። ሬሞ የማዕዘኑ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ክብ ፊት፣ ክብ ሆድ፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ። ዓመታት ቆጥቦ ያገለገለች የስፖርት መኪና ገዝቷል። ከእንቅልፉ ተነሥቶ ከሚስቱ በፊት እሷን ነው የሚያየው ይባላል። ያን ቀን ሁለት ጀሪካን ተሸክሞ ነበር።

«የሺ! ምን እንዳገኘሁ አታውቂም። የአውሮፕላን ቤንዚን! የአጎቴ ልጅ ከአንድ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ አመጣልኝ። ሞልቼላት ነበር፣ ግን ለውጥ የለም። ለምንድን ነው?»

ለምን እንደሆነ አውቅ ነበር። እንዲህ ያለ ታጋሽ ቤንዚን ጥቅም የሚሰጠው፣ ካንዴላው እሳት የሚጭርበትን ጊዜ ከወትሮው ሲያስቀድሙለት ነው። አለዚያ ሞተሩ ልዩነቱን አያውቀውም። ይህን ለሬሞ አስረዳሁት።

«አሎራ፣ አስቀድሚዋ!»

«ማስትሮ ይምጡ።»

«ማስትሮን ምን ታደርጊያቸዋለሽ? አንቺ ሜካኒካ አይደለሽም እንዴ?»

ይቺ ቃል አሸነፈችኝ። እጄን እንኳ አልታጠብኩም። የእሳቱን ጊዜ አስቀደምኩ፣ ሞከርኩት፣ ደግሞ ትንሽ ጨመርኩ። ሬሞ ሰፈሩን ዞሮ ሲመለስ ዕንባው በዓይኑ ሞልቷል። «በረረች! የሺ፣ በረረች!» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። እኔም ከእሱ ጋር በረርኩ። ካርቶኑን አልጻፍኩም። ጀሪካኑ ሲያልቅ ተመልሰህ ና፣ መልሼ ላስተካክልልህ ማለቱንም ረሳሁት።

ከአራት ቀን በኋላ ሬሞ ሚስቱንና አማቱን አሳፍሮ ወደ ናፖሊ ተነሣ። የአውሮፕላኑ ቤንዚን አልቆ ነበርና ሱፐር ሞላ። ሱፐር ለዚያች መኪና ከበቂ በላይ ነው፤ እኔ ባዛባሁት ሞተር፣ በነሐሴ ሙቀት፣ በሙሉ ጭነት ግን አልቻለም። መስኮቱ ክፍት፣ ሬዲዮው እየዘፈነ፣ አማቲቱ አብረው እየዘፈኑ፣ ሞተሩ ሲቀጠቀጥ የሰማው የለም። ፍሮዚኖኔ ሲደርሱ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀችና ቀጥ አለች።

ማንም አልተጎዳም፤ ተመስገን። ግን መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ስትመጣ፣ ሬሞ ከጎኗ እንደ ቀብር ሰው ሲራመድ አየሁት።

«ሱፐር ነው የሞላሁት፣ የሺ። እምልልሻለሁ፣ ሱፐር ነው» አለኝ። ጥፋቱ የራሱ መስሎት ነበር። ያንን ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ሬሞ። የእኔ ነው» አልኩት። አላመነኝም፤ አጽናናኝ።

ማስትሮ ሲመለሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አብረን አወረድን። ሁለተኛው ፒስተን መሐሉ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበረው፤ ዳሩ እንደ ቀለጠ አይብ ተንጠባጥቧል። ማስትሮ አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ። አንቺው ትሠሪዋለሽ። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ አድርጌ አያለሁ።»

«አያባርሩኝም?»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። የተናገሩት ነገር ከፒስተኑ ይልቅ አስደነገጠኝ።

«የሺ፣ ጆሮዬ እየሄደ ነው። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። የሞተሩን ጎርናና ድምፅ እሰማለሁ፣ ያቺ ቲክ ቲክ የምትለውን ግን ከዓመት በላይ አልሰማኋትም። እንጨቱን የማቀብልሽ ላስተምርሽ ብቻ ይመስልሻል? ምን ሰማሽ ስልሽ እኮ የምጠይቅሽ የምሬን ነው። ጆሮሽን አምናለሁ። አሁን ደግሞ ካርቶን መጻፍ እንድትማሪ ነው የምፈልገው።»

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ጠዋት ጽዳት፣ ከሰዓት ሞተር። ብዙ ቡሎን ፈትቼ ብዙ ጊዜ መልሼ አሰርኩ። ሬሞ በበኩሉ ቤቱ መቀመጥ አልቻለም። ዳቦ በሦስት እግር መኪና ሲያድል በየቀኑ ያልፋል፤ ትኩስ ዳቦ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ የተፈታታችውን መኪናውን ያያል፤ «ዛሬ እንዴት አደረች?» ይለኛል፣ ሆስፒታል እንዳለ ዘመድ። በኋላ በኋላ ቡሎን ማቀበል ጀመረ። የፒስተን ስም ከዳቦ ስም ጋር እየቀላቀለ ያስቀኝ ነበር። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ሲነሣ ሬሞ በዱቄት እጁ አቅፎ ነጭ አደረገኝ። መሪው ላይ ያሰርኩት ካርቶን ሁለት ገጽ ነበር። ማስትሮ አንብበው «መጽሐፍ ጻፍሽ እንዴ?» አሉኝ።

ወሬው ሲዞር ግን ደንበኛ አሸሸብን። ከሁሉ የባሰው ዶቶር ፋቢዮ የሚባል የጥርስ ሐኪም ነው። ቀይ የስፖርት መኪና አለው፣ ተመሳሳይ መኪና ያላቸው ብዙ ጓደኞችም አሉት። አንድ ሌላ ኦፊቺና የአውሮፕላን ቤንዚን እየቀላቀለ ይሸጥለት ጀምሯል። ሒሳቡን ሊዘጋ መጥቶ በር ላይ ቆመ።

«ማስትሮ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ዘመኑ ተለውጧል። ያንን ቤንዚን ስሞላ መኪናዬ ሌላ ፍጥረት ትሆናለች። ጓደኞቼም እዚያው ይሄዳሉ።»

ማስትሮ ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኔን በሕግ ማስመዝገባቸው አብሮ እንደሚቀር ሁለታችንም ገብቶናል። አላስችለኝ አለ።

«ዶቶሬ፣ ሳያዩት ያውቁታል?» አልኩ።

«ምኑን?»

«የአውሮፕላኑን ቤንዚን። በምን እንደሚሄዱ ሳይነገርዎ፣ ከመሪው ላይ ብቻ ያውቁታል?»

«ዓይኔን ጨፍኜ!»

«እንግዲያው እሑድ ጠዋት ፍራስካቲ ዳገት ሥር እንገናኝ።»

ማስትሮ አንገታቸውን ደፍተው ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

እሑድ ከማለዳው ከፍራስካቲ በላይ ካለው ዳገት ሥር ተሰበሰብን። ሦስት እኩል ጣሳዎች አዘጋጅቻለሁ፤ አንዱ ቀይ ክር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ ክር ታስሮበታል። የመኪናውን የቤንዚን ቱቦ ከዋናው ታንክ ነቅዬ በየተራ ከጣሳዎቹ ጋር አገናኘዋለሁ። በየትኛው ጣሳ ምን እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ማስትሮም አያውቁም። ምስጢሩ በጣልያንኛ ተጽፎ በፖስታ ታሽጎ፣ እትዬ ለተብርሃን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። ከቤተ ክርስቲያን አስቀርቼ ስላመጣኋቸው ሲቆጡ ነበር፤ አደራ ያዥ መሆናቸውን ሲያውቁ ግን እንደ ዳኛ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ዶቶር ፋቢዮ ይነዳል፣ ማስትሮ ከጎኑ ተቀምጠው ሰዓት ይይዛሉ። በቀይ ክር ወጣ፣ ተመለሰ። «ሱፐር ነው። ደህና፣ ግን የሞተች ናት» አለ። በሰማያዊ ወጣ። ሲመለስ ገና ሳይቆም በመስኮት ይጮኻል።

«ይሄ ነው! አቪዮ፣ የአውሮፕላኑ! ሰማችሁት አይደል? መጨረሻው ጠመዝማዛ ላይ ገፈተረችኝ!»

በነጩም ወጣና ተመለሰ። «ይሄም ሱፐር ነው፣» አለ በእርግጠኝነት፣ «ሰነፍ።»

እትዬ ለተብርሃን ቋጠሯቸውን ፈቱ። ፖስታውን ቀደው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው፣ በአሥመራ ጣልያንኛቸው እየጎተቱ አነበቡ።

«ቀይ፣ ሱፐር። ሰማያዊ…» ቀና ብለው አዩት፣ «እሱም ሱፐር፣ ከአንድ ማደያ። ነጭ፣ የአውሮፕላን።»

ማስትሮ ሰዓታቸውን አሳዩ። የሦስቱም ጉዞ ልዩነት ከአንድ ሴኮንድ አይበልጥም። የአውሮፕላኑ ደግሞ በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ዶቶር ፋቢዮ ፊቱ ከመኪናው ቀላ። ተቆጥቶ የሚሄድ መስሎኝ ፈራሁ፤ ሰውን አሳፍሮ ደንበኛ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ «ዶቶሬ፣ ግማሽ ሰዓት ይስጡኝ» አልኩት።

መንገድ ዳር ካለው ምንጭ እጄን ታጠብኩ። ካንዴላዎቹን ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። ግማሾቹ ጠቁረዋል፣ ግማሾቹ ደህና ናቸው። ሁለቱ ካርቡራቶሮች እኩል አይተነፍሱም ማለት ነው። ቀጭን ቱቦ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ የአየር አሳሳባቸውን እያዳመጥኩ አስታረቅኋቸው። የእሳቱንም ጊዜ ለሱፐር በሚስማማው ልክ፣ መቀጥቀጥ ከሚጀምርበት ትንሽ መለስ አድርጌ አሰርኩት። «አሁን በዚያው በማደያው ሱፐር ይውጡ።»

ወጡ። ስንጠብቅ እትዬ ለተብርሃን ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ ለእኔ ይሁን ለመኪናዋ እንደሚጸልዩ እንጃ። ቀዩዋ መኪና ስትመለስ ማስትሮ ሰዓቱን በመስኮት ወደ ውጭ ዘርግተው ነበር። አምስት ሴኮንድ ቀንሳለች!

ዶቶር ፋቢዮ ወርዶ መኪናዋን ዞራት። «ታዲያ አቪዮ ጭራሽ አይጠቅምም ማለት ነው?» አለ፤ አሁን የሚጠይቀው ሊማር ነው።

«ይጠቅማል» አልኩት። «ሞተሩ ለእሱ ከተሠራ ወይም ከተስተካከለ ትንሽ ይጨምራል። የርስዎ መኪና ሱፐር ትፈልጋለች፤ ከዚያ በታች ቢሞሉላት ትቀጠቀጣለች፣ ከዚያ በላይ ቢሞሉላት አታውቅልዎትም። ለአቪዮ ላስተካክላት እችላለሁ። ግን ጣሳው ያለቀ ቀን…»

«ያለቀ ቀን ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርህ!» ብሎ ሬሞ እጁን አወጣ። ይህን ሁሉ ጊዜ ከዳቦ ቅርጫቱ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። የፍሮዚኖኔውን ታሪክ ከነአማቱ ዘፈን እየተወነ ተረከው። ዶቶር ፋቢዮ እስኪታጠፍ ሳቀ። እዚያው መንገድ ዳር ምሳ በላን። ሬሞ ለጣልያኖቹ ፖርኬታ አምጥቷል፤ እኔና እትዬ ለተብርሃን የአሳማ ሥጋ እንደማንበላ ስለሚያውቅ ለእኛ አይብና በለስ ለይቶ ይዟል። ሞተሩን ያቃጠልኩበት ሰው ነው፤ አስቡት።

ከዚያ በኋላ የዶቶር ፋቢዮ ጓደኞች አንድ በአንድ መጡ። ማስትሮ በደህና ኮታቸው ሥራና ሠራተኛ መሥሪያ ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ጸሐፊው ሊብሬቶ በሚሉት የሥራ ደብተሬ ላይ ሙያዬን ሊጽፍ ብዕሩን አነሣና ቆመ።

«መካኒክ ለሴት እንዴት ተብሎ ነው የሚጻፈው?»

«እንጃ፣» አሉ ማስትሮ፣ «ሞተሩ ጠይቋት አያውቅም።»

ጸሐፊው ቢጨንቀው በወንድ ጻፈው። እስከ ጡረታዬ ድረስ በወረቀት ወንድ ሆኜ ሠራሁ። እትዬ ለተብርሃን ሲሰሙ «እንግዲህ ሚስት እንፈልግልሽ» አሉኝ። ባል ያገኘሁት ከዓመት በኋላ ነው፤ መኪና አልነበረውም፣ የአውቶቡስ ቲኬት ነበረው።

ዓመታቱ ሮጡ። ጆሮ ያላቸው መኪናዎች መጡ፤ ሞተሩ ውስጥ መቀጥቀጡን የሚሰማ ትንሽ ዕቃ ተገጥሞላቸው የእሳቱን ጊዜ ራሳቸው ያስተካክላሉ። እነሱ የተሻለ ቤንዚን ሲሞላላቸው እውነትም ጥቂት ይጨምራሉ፣ እንዲጠቀሙበት ሆነው ከተሠሩ። ጠያቂው ግን አልቀነሰም።

ደርግ የወደቀ ሰሞን፣ ግንቦት ላይ፣ ተርሚኒ አካባቢ ያሉት ቡና ቤቶቻችን በሰው ተጨናንቀው ነበር፤ የሚያለቅስ አለ፣ የሚጨፍር አለ፣ ስልክ ፍለጋ የሚሯሯጥ አለ። እኔም አባቴን በስልክ ካገኘሁ በኋላ ሥራ መሥራት አቃተኝ። «ደህና ነኝ፣ ሁላችንም ደህና ነን» ብሎኛል። ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ማስትሮ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰባ አምስት ሊሞላቸው ነው፤ ጆሯቸው ጨርሶ ሄዷል። የአንድ ደንበኛ ግራጫ የስፖርት መኪና ሠርቼ መሞከር ነበረብኝና ከጎኔ አስቀምጬ ወደ ኦስቲያ፣ ወደ ባሕሩ ነዳሁ።

ማስትሮ መዳፋቸውን ከፊታቸው ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የተኙ መሰለኝ። ጥቂት እንደሄድን «ቁሚ» አሉኝ።

ዳር ይዤ ቆምኩ።

«እሳቱ ዘግይቷል። በጣም ትንሽ።»

«አልዘገየም!» አልኩ ከንፈሬን እንዲያነቡ ፊቴን አዙሬ። «ዛሬ ጠዋት ራሴ ነኝ ያስተካከልኩት።»

«ክፈቺው።»

ኮፈኑን ከፈትኩ። እሳቱን የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ያደረግኋት የጭረት ምልክት ከቦታዋ ተንሸራታለች። በዚያ ሁሉ ደስታ ውስጥ ሆኜ ቡሎኑን ሳላጠብቅ ወጥቻለሁ። ምንም የማይሰሙት ሰውዬ በመዳፋቸው የያዙትን፣ እኔ በሁለት ጤነኛ ጆሮዎቼ አልሰማሁትም። መንገድ ዳር ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ጭረቷን ወደ ቦታዋ መልሼ ቡሎኑን አጠበቅሁ፣ ካርቶኑ ላይ ጻፍኩት፣ ገባሁ።

ማስትሮ መዳፋቸውን እንደገና ዘረጉ። መንገዱ ጥድ ለጥድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከፊታችን ማንም የለም። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

«አሁን ርገጪው፣ የሺ» አሉኝ።

ረገጥኩት። ባሕሩ እስኪታየን ድረስ እግሬን አላነሣሁም።